ያለውን መቍጠርና የጐደለውን መቍጠር፤ ልጆች በቤት ስለሚለማመዱት ሒሳብ

ሰው በእጁ ያለውን ነገር መቍጠር ከሕፃንነቱ ዠምሮ ይማራል። ሕፃን ገና አፉን እንደ ፈታ ጣቶቹን፣ ከዚያም በገበታ ላይ የቀረበውን እንጀራ፣ በበረት ያሉትንም ጥጆች ይቈጥራል። የጐደለውን መቍጠር ግን ሌላ ጥበብ ነው። ያለው ነገር በዓይን ይታያል፤ በእጅም ይዳሰሳል። የጐደለው ነገር አይታይም፤ አይዳሰስምም፤ ነገር ግን ልክ አለው። 3 ብር ዕዳ ያለበትና 300 ብር ዕዳ ያለበት ሁለት ሰዎች ኪሳቸው ባዶ ቢሆን፣ ኪሳቸውን ያየ ሰው እኩል ናቸው ይላል፤ መዝገባቸውን ያየ ሰው ግን እኩል አለመሆናቸውን ያውቃል።

ልጆቻችን በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ድፍን ቍጥሮች» በሚባለው ክፍል የሚማሩት ይህንኑ ነው። ከዜሮ በላይ ያሉትን አዎንታዊ፣ ከዜሮ በታች ያሉትን አሉታዊ ይሏቸዋል፤ ዜሮ በመካከል ቆሞ ከሁለቱም ወገን አይቈጠርም። አራቱን የሒሳብ መደቦች፣ ማለት መደመርን፣ መቀነስን፣ ማባዛትንና ማካፈልን በነዚህ ቍጥሮች ላይ እንዲሠሩም ይታዘዛሉ።

ነገሩ በአፍ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም እስከዚያ ቀን ሒሳብ ይወድ የነበረ ልጅ ስንኳ ብዙ ጊዜ በዚህ ስፍራ ይሰናከላል። ደብተሩ በቀይ ቀለም ተሰርዞ ይመለሳል፤ አባትም ተመልክቶ «ይህስ ከእኔ የወረሰው ነው፤ እኔም ለሒሳብ አልተፈጠርሁም» ይላል፤ ልጁም ይህን ቃል እንደ ፍርድ ተቀብሎ መጣሩን ይተዋል። ጕዳቱም የአንድ ምዕራፍ ብቻ አይደለም። በፊደል የሚሠራው አልጀብራ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ስሌት፣ የነጋዴው የገቢና የወጪ መዝገብ፣ የመሐንዲሱም የከፍታ ልኬት ሁሉ በዚህ ትምህርት ላይ ይቆማሉና፣ በ13 ዓመቱ በዚህ በር ያልገባ ልጅ በኋላ ብዙ በሮች ተዘግተው ይቈዩታል።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ወላጆች በቀን በጥቂት ደቂቃ ልጃቸውን በዚህ ትምህርት እንዴት ሊረዱ እንደሚችሉ ልናመለክት ወደድን። ለዚህ ሥራ ወላጅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም፤ ትዕግሥትና ሁለት እፍኝ ጥራጥሬ ይበቃዋል።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ። ልጅ «ከምንም የሚያንስ ነገር እንዴት ይኖራል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። ይኸው ጥያቄ ታላላቅ ሊቃውንትን ብዙ ዘመን አስጨንቋል። በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ዲዮፋንጦስ፣ አንድ ቍጥር 4 ጊዜ ተባዝቶ 20 ቢጨመርበት 4 የሚሆንበትን ጥያቄ የማይሆን ነገር ነው ብሎ ተወው፤ መልሱ −4 ነበርና። በእንግሊዝ አገርም በ18ኛው መቶ ዓመት ፍራንሲስ ማሴሬስ የተባለ፣ ሕግንም ሒሳብንም የተማረ ሰው፣ አሉታዊ ቍጥር ወደ አልጀብራ ባይገባ ይሻል ነበር እያለ ጽፏል። እንግዲህ በሊቃውንቱ ዘንድ ይህን ያህል ያከራከረውን ነገር ልጃችን በአንድ ሳምንት ቢያመነታበት ልናዝንበት አይገባም።

በሌላ ወገን ነገሩን ቀድመው አቅንተው የያዙት ሰዎች በምን መንገድ እንደ ያዙት መመልከት ይጠቅማል። የቻይና ሒሳብ ዐዋቂዎች በትንንሽ በትር ይቈጥሩ ነበር፤ ቀዩን በትር ለአዎንታዊው፣ ጥቍሩን በትር ለአሉታዊው አደረጉ። የህንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ628 ዓመት በጻፈው መጽሐፍ አዎንታዊውን ሀብት፣ አሉታዊውን ዕዳ ብሎ ጠርቶ፣ ሀብትና ዕዳ ሲደመሩ፣ ሲቀናነሱና ሲባዙ የሚሆነውን ሥርዐት ወሰነ። እንግሊዛዊው ጆን ዋሊስ ደግሞ በ1685 ዓመት ባሳተመው የአልጀብራ መጽሐፍ፣ አንድ ሰው 5 ርምጃ ወደ ፊት ሄዶ 8 ርምጃ ወደ ኋላ ቢመለስ ከተነሣበት ስፍራ በ3 ርምጃ ወደ ኋላ መቅረቱን በመስመር ላይ አሳየ። እነዚህ ሁሉ ደንቡን በቃል ከማስያዝ አስቀድመው፣ ጕድለቱን በእጅ በሚያዝ ወይም በዓይን በሚታይ ነገር አስመስለው ነው ያስተማሩት።

ለአገራችንም ሊቃውንት ነገሩ ባዕድ አይደለም። የግእዙ አኃዝ ለዜሮ የተለየ ምልክት ባይኖረውም፣ በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ምንም የሌለበትን «አልቦ» ይሉታል። ወንበር የሚባለውን ቍጥር ለማግኘት ዓመተ ዓለሙን በ19 ገድፈው ከተረፈው ላይ 1 ያጐድላሉ። በ2005 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7505 ነበር፤ ይህም ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ ምንም አይተርፍም። ከምንም ላይ 1 እንዴት ይጐድላል? ሊቃውንቱ በዚህ አይቸገሩም፤ ዙሩ 19 ነውና ከአልቦ አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ተመልሰው ወንበሩን 18 ይሉታል። ከዚሁም ተነሥቶ አበቅቴው 18፣ መጥቅዑ 12 ሆኖ፣ የዚያ ዓመት ፋሲካ በሚያዝያ 27 ቀን ዋለ። ከዜሮ ወደ ኋላ መራመድ እንዲህ ያለ ፍሬ የሚገኝበት ሥራ መሆኑን ልጆቻችን ቢያውቁ መልካም ነው።

ምድራችንም ራሷ ታስተምራለች። በሰሜን ተራሮች ራስ ዳሸን ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 ሜትር ያልፋል፤ በአፋር ያለው የዳሎል ረባዳ ምድር ግን ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር የበለጠ ይወርዳል። የባሕሩ ጠለል ዜሮ ሆኖ፣ ተራራው በአንድ ወገን፣ ረባዳው በሌላ ወገን ይቈጠራል። እንዲሁም በሴልሲየስ ልክ ውኃ የሚረጋበት ቅዝቃዜ ዜሮ ነው፤ በከፍተኛው ተራራ ላይ ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት ልኩ ከዜሮ በታች ይሄዳል። ከዜሮ በታች ማለት ሰው የሚሄድበት፣ የሚበርደውም ስፍራ እንጂ ባዶ ሐሳብ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ልጆች በዚህ ትምህርት የሚሰናከሉት አብዛኛውን ጊዜ ቍጥሩ ከብዷቸው ሳይሆን ንባቡ ጠፍቶባቸው ነው። የመቀነስ ምልክት የምንላት አጭር ሰረዝ አንዲት ስትሆን ሁለት ሥራ ትሠራለች። በአንድ ቍጥር ፊት ለብቻዋ ስትቆም የቍጥሩን ወገን ትናገራለች፤ ይኸውም ይህ ቍጥር ጕድለት ነው ማለት ነው። በሁለት ቍጥሮች መካከል ስትቆም ግን ትእዛዝ ናት፤ ከዚህ ላይ ያንን አንሣ ትላለች። በሰዋስው ቋንቋ ብንናገር፣ በፊተኛው ስፍራ ስም ናት፤ በኋለኛው ስፍራ ግሥ ናት። መልኳ አንድ ስለ ሆነ ልጁ ስሙን ከግሡ ሳይለይ ያነባል፤ ካነበበም በኋላ እጁ ይስታል።

አማርኛ ለሚያነብ ሰው ይህ አዲስ ነገር ሊሆንበት አይገባም። «አለ» የምትለው ቃል በጽሕፈት አንዲት ናት፤ ስትላላ «ተናገረ» ማለት ናት፤ ስትጠብቅ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ናት። ጽሕፈቷን ብቻ አይቶ ትርጕሟን የሚናገር የለም፤ ከፊትና ከኋላ ያለውን ቃል አይቶ ያጠብቃታል፤ ወይም ያላላታል። በአብነት ትምህርት ቤትም ንባቡ ሳይቀና ወደ ትርጓሜ አይታለፍም። በሒሳብም እንዲሁ ነው፤ ልጁ ከመሥራቱ በፊት ማንበብ ይገባዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልምምድ ያለ ምንም ስሌት ማንበብ ብቻ ይሁን። ወላጅ በወረቀት ላይ 3 − (−2) ብሎ ይጻፍ፤ ልጁም «ከ3 ሀብት ላይ የ2 ዕዳ አንሣ» ብሎ ያንብብ። 3 + (−2) ሲጻፍለት «በ3 ሀብት ላይ የ2 ዕዳ ጨምር» ይበል። (−3) − 2 ሲጻፍለት «ከ3 ዕዳ ላይ የ2 ሀብት አንሣ» ይበል። «ሦስት ማይነስ ማይነስ ሁለት» ብሎ ምልክቶቹን በተርታ እንዲጠራ አይፈቀድለት፤ እንዲህ ያለ ንባብ ድምፅ እንጂ ትርጕም የለውምና። በእንደዚህ ያለ ንባብ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቢዋል ጊዜው አልባከነም።

ንባቡ ከቀና በኋላ ጥራጥሬው ይቅረብ። አንድ እፍኝ ሽምብራና አንድ እፍኝ ባቄላ በሰፌድ ላይ ይደረግ፤ አንዱ ሽምብራ 1 ሀብት፣ አንዱ ባቄላ 1 ዕዳ ነው እንበል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ሽምብራና አንድ ባቄላ ሲገናኙ ይጣፋሉ፤ ማለት ሁለቱ በአንድነት ዜሮ ናቸው። የ1 ብር ዕዳ ያለበት ሰው 1 ብር ቢያገኝና ቢከፍል ባለ ዕዳም ባለ ገንዘብም እንዳይደለ ነው።

መደመር ማለት በሰፌዱ ላይ መጨመር ነው። 5 + (−8) ሲባል 5 ሽምብራ ይቀመጣል፤ 8 ባቄላም ይጨመርበታል፤ 5ቱ ጥንዶች ተጣፍተው 3 ባቄላ ይቀራል። መልሱ −3 ነው፤ ከላይ የተናገርነው የዋሊስ መንገደኛ የቆመበት ስፍራ ይህ ነው። (−3) + (−5) ሲባል ደግሞ በ3 ባቄላ ላይ 5 ባቄላ ይጨመራል፤ ሽምብራ በሰፌዱ ላይ የለምና የሚጣፋ የለም፤ መልሱ −8 ነው። በዚህ ቦታ ብዙ ልጆች «ሁለት ማይነስ ፕላስ ይሆናል» የሚለውን የሰሙትን ቃል አምጥተው 8 ብለው ይጽፋሉ። ወላጅ ቍጣውን ትቶ «3 ብር ዕዳ የነበረበት ሰው ሌላ 5 ብር ቢበደር ሀብታም ይሆናልን?» ብሎ ይጠይቅ። ልጁ ራሱ ስቆ ያርመዋል።

መቀነስ ማለት ከሰፌዱ ላይ ማንሣት ነው። ከባዱ ነገር የሚመጣው የሚነሣው ነገር በሰፌዱ ላይ ሳይኖር ሲቀር ነው። 3 − (−2) በሚለው ጥያቄ በሰፌዱ ላይ 3 ሽምብራ ብቻ አለ፤ አንሣ የተባለው ግን 2 ባቄላ ነው። ምን ይደረጋል? አንድ ሽምብራና አንድ ባቄላ በአንድነት ዜሮ ናቸውና፣ እንዲህ ያለ ጥንድ ቢጨመር የሰፌዱ ዋጋ አይለወጥም። ስለዚህ 2 ጥንድ ይጨመር፤ አሁን በሰፌዱ ላይ 5 ሽምብራና 2 ባቄላ አለ። የታዘዘው 2 ባቄላ ይነሣ፤ 5 ሽምብራ ይቀራል። እንግዲህ 3 − (−2) = 5 ነው። በመዝገብ ሥራ የዋለ ሰው ይህን በሌላ መንገድ ያውቀዋል፤ ከአንድ ሰው ላይ የ200 ብር ዕዳ መሰረዝ፣ 200 ብር በእጁ እንደ መስጠት ያለ ጥቅም ነው። ዕዳ የተነሣለት ሰው አንዳች ነገር በእጁ ሳይቀበል ሁኔታው ተሻሽሏል።

ቀጥሎም ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ጥያቄዎች ጐን ለጐን ይሰጡት። (−3) − 5 ሲሆን በሰፌዱ ላይ 3 ባቄላ አለ፤ 5 ሽምብራ አንሣ ተብሏል፤ ሽምብራ ስለሌለ 5 ጥንድ ይጨመርና 5ቱ ሽምብራ ይነሣል፤ 8 ባቄላ ይቀራል፤ መልሱ −8 ነው። (−3) − (−5) ሲሆን ደግሞ 5 ባቄላ አንሣ ተብሎ በሰፌዱ ላይ 3 ብቻ ስላለ 2 ጥንድ ይጨመራል፤ 5ቱ ባቄላ ሲነሣ 2 ሽምብራ ይቀራል፤ መልሱ 2 ነው። ልጁ እንዲህ ያሉትን ሃያ ያህል ጥያቄ በእጁ ከሠራ በኋላ፣ ሀብት ማንሣት ዕዳ እንደ መጨመር፣ ዕዳ ማንሣትም ሀብት እንደ መጨመር መሆኑን ራሱ ይናገራል። በመጽሐፍ የተጻፈው ደንብ ይኸው ነው፤ መቀነስ ማለት ተቃራኒውን መደመር ነው። ነገር ግን ደንቡን አስቀድሞ በአፉ የተሸከመውና በእጁ ሠርቶ ያገኘው ልጅ አንድ አይደሉም። ፊተኛው ደንቡ ሲጠፋበት ሁሉም ይጠፋበታል፤ ኋለኛው ቢረሳው እንደ ገና ያገኘዋል።

ማባዛትን ለማስረዳት ከሰፌዱ ተነሥተን ወደ ውኃ በርሜሉ እንሂድ። አንድ በርሜል በታቹ ተበስቶ በቀን 4 ሊትር ውኃ የሚያንጠባጥብ ቢሆን፣ የአንዱ ቀን ለውጥ −4 ነው። ከዛሬ ዠምሮ 3 ቀን ቢያልፍ 3 × (−4) = −12 ይሆናል፤ ማለት ውኃው ዛሬ ካለው በ12 ሊትር ይጐድላል። አሁን ወደ ኋላ እንመልከት። ያለፉት ቀኖች በአሉታዊ ቍጥር ይጻፋሉና፣ ከ3 ቀን በፊት የነበረው (−3) × (−4) ተብሎ ይጻፋል። በዚያ ቀን በርሜሉ ውስጥ ከዛሬው ይልቅ 12 ሊትር ይበልጥ ነበር እንጂ አላነሰም። ስለዚህ (−3) × (−4) = 12 ነው። የሚጐድል ነገር ወደ ኋላ ሲታይ የሚበዛ መሆኑን ልጅ በአእምሮው ሳይጨነቅ ይቀበላል።

በቍጥር ብቻ ማየት ለሚወድ ልጅ ደግሞ ይህ ተርታ ይጻፍለት፤ 3 × (−4) = −12፤ 2 × (−4) = −8፤ 1 × (−4) = −4፤ 0 × (−4) = 0። በእያንዳንዱ ርምጃ መልሱ በ4 እያደገ ይመጣል። ተርታው ሳይፈርስ ቀጣዩ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ልጁ (−1) × (−4) = 4 ብሎ ራሱ ይጽፈዋል። ማካፈልም የማባዛት መልስ ነው፤ 3 × (−4) = −12 ከሆነ፣ (−12) ÷ 3 = −4፣ እንዲሁም (−12) ÷ (−4) = 3 ይሆናል። በአጭሩ በማባዛትና በማካፈል ሁለቱ ቍጥሮች ከአንድ ወገን ሲሆኑ መልሱ አዎንታዊ ነው፤ ከሁለት ወገን ሲሆኑ አሉታዊ ነው። ይህ ደንብ ለማባዛትና ለማካፈል የተሠራ ነው እንጂ ለመደመር አይደለም፤ ከላይ እንዳየነው ዕዳና ዕዳ ቢደመሩ ዕዳ ይበዛል እንጂ ሀብት አይሆንም።

ወላጅ በዚህ ሥራ ሊጠብቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። መዠመሪያ፣ ልምምዱ አጭር ሆኖ ዕለት ዕለት ይደረግ። በእሑድ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ይዞ ማስጨነቅ፣ በየቀኑ እንደ 10 ደቂቃ ያለ ጥቅም የለውም። ሁለተኛ፣ ልጁ ከመሥራቱ በፊት «መልሱ ከየትኛው ወገን ይሆናል?» ተብሎ ይጠየቅ። ወገኑን አስቀድሞ የተናገረ ልጅ መጠኑን በኋላ ቢስት ስሕተቱ ትንሽ ነው፤ ወገኑን የሳተ ግን ባለ ዕዳውን ባለ ሀብት አድርጎታል። ሦስተኛ፣ ጥያቄዎቹ የተደባለቁ ይሁኑ። አንድ ገጽ ሙሉ መደመር ብቻ የሠራ ልጅ እጁ ያለ ሐሳብ ይሄዳል፤ መደመርና መቀነስ፣ ማባዛትም እየተቀያየሩ ሲመጡለት ግን በየጊዜው ቆሞ ማንበብ ግድ ይሆንበታል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደ ተባለ፣ በዚህ ትምህርት የፈጠነ ሳይሆን ያነበበ ይቀድማል።

አራተኛ፣ ልጁ መልሱን በተቃራኒው ሥራ ራሱ ይመርምር። 5 − (−3) = 8 ብሎ የጻፈ ልጅ፣ 8 + (−3) ቢደምር ወደ 5 መመለሱን ይይ። መርምሮ ያገኘው እውነት ከአባቱ ቃል ይልቅ ያጸናዋል። አምስተኛ፣ ሲሳሳት አይዋረድ፤ አይመታም። «እስኪ አንብብልኝ» ይባል፤ ብዙ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ስሕተቱን ራሱ ያገኘዋል። ስድስተኛ፣ ይህ ሁሉ ለወንድ ልጅ የተባለ መስሎ አይታይ። «ሒሳብ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል» የሚል ቃል ከቤታችን ይጥፋ፤ የቤትንና የመሥሪያ ቤትን መዝገብ፣ የሐኪም ቤትንና የፋብሪካን ልኬት ሴቶችም የሚሠሩት ነውና፣ በሰፌዱ ዙሪያ ወንድምና እኅት እኩል ይቀመጡ።

ለዚህ ሳምንት ልምምድ የሚሆኑ 12 ጥያቄዎች ከዚህ በታች አቅርበናል። ልጁ ሁሉንም በአንድ ቀን አይሥራቸው፤ በቀን 4፣ 4 ይበቃዋል።

1ኛ፤ 7 + (−10)
2ኛ፤ (−6) + (−4)
3ኛ፤ (−9) + 12
4ኛ፤ 4 − 9
5ኛ፤ (−2) − 6
6ኛ፤ 5 − (−3)
7ኛ፤ (−7) − (−7)
8ኛ፤ 6 × (−3)
9ኛ፤ (−5) × (−4)
10ኛ፤ (−24) ÷ (−6)
11ኛ፤ አንድ መንገደኛ ከባሕር ጠለል በታች 100 ሜትር ከሆነ ስፍራ ተነሥቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ወደ ሆነ ከተማ ቢመጣ ስንት ሜትር ወጣ?
12ኛ፤ በተራራ ላይ ሌሊት −4 ዲግሪ የነበረው አየር ቀን 11 ዲግሪ ቢሆን በስንት ዲግሪ ሞቀ?

መልሶቹ በየተራቸው እነዚህ ናቸው፤ −3፤ −10፤ 3፤ −5፤ −8፤ 8፤ 0፤ −18፤ 20፤ 4፤ 2,500 ሜትር፤ 15 ዲግሪ። በ11ኛውና በ12ኛው ጥያቄ ልጁ 2,300ና 7 ብሎ ቢመልስ፣ ከዜሮ በታች ያለውን መንገድ ሳይቈጥር ቀርቷልና መስመር አስሥሎ ከታች እስከ ዜሮ፣ ከዜሮ እስከ ላይ እንዲቈጥር ማድረግ ይገባል። በ7ኛው ጥያቄ መልሱን −14 ያለ ልጅ ደግሞ የመካከለኛዪቱን ሰረዝ ትእዛዝ መሆኗን ዘንግቷልና ወደ ንባቡ ይመለስ።

በመጨረሻ ለወላጆች የምናሳስበው ይህ ነው። ይህ ትምህርት ፈተና ለማለፍ ብቻ የሚፈለግ አይደለም። ብዙ ሰው ያለውን ለመቍጠር ይወዳል፤ የጐደለውን ለመቍጠር ግን ይፈራል፤ ስለ ፈራም ዕዳው ሳይታወቀው ያድግበታል። ጕድለቱን በቍጥር የያዘ ሰው ግን ስንት ርምጃ ቢራመድ ወደ ዜሮ እንደሚደርስ፣ ከዜሮም አልፎ ስንት እንደሚቀረው ያውቃል። ልጅ ይህን በ13 ዓመቱ በሽምብራና በባቄላ ቢማር፣ ጐልማሳ ሲሆን በቤቱም በሥራውም ይጠቅመዋል። ሰፌዱ በየቤታችሁ አለ፤ ጥራጥሬውም አለ፤ የሚያስፈልገው ከማታው ጊዜ ላይ 10 ደቂቃ ማንሣት ብቻ ነው። እግዚአብሔር ልጆቻችንን በጥበብና በትዕግሥት ያሳድግልን።